«አፍሽን ያዢ» ሕክምና አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሐኪም ሬዲዮ ላይ ቀርበው የሴቶችን ሆርሞንና የወር አበባ ስለሚያዛባው ሕመም፣ ስለ ፒሲኦኤስ ተጠየቁ። መልሳቸው ባጭሩ ሴቶች አፋቸውን ቢይዙ፣ ውፍረታቸውን ቢቀንሱ በሽታው ይጠፋል የሚል ነበር። በጣም ተናደድኩ።

እሺ፣ ቀጫጭኖቹስ? ታናሽ እህቴ 52 ኪሎ ናት። የወር አበባዋ በዓመት አራቴ ቢመጣ ነው። ማጅራቷ ሲጠቁር እማዬ እድፍ መስሏት ቆዳዋ እስኪቀላ በሎሚ ስታሽላት ከረመች። አይለቅማ! እድፍ አይደለም። ደም ውስጥ ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ሲበዛ ማጅራትና ብብት እንዲህ ይጠቁራል። ያንን ማጅራት ሦስት ሐኪሞች አይተውታል፤ ቀጭን ስለሆነች ግን አንዳቸውም ስኳሯን እንለካ አላሉም።

ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪን (የሴት እንቁላል ማምረቻውን) ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንዶች ሆርሞን እንዲያበዛ ይገፋዋል፣ ጉበት ደግሞ ያንን ሆርሞን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል፣ ከዚያ የወር አበባ ይዛባል፣ አገጭ ላይ ጸጉር ይበቅላል፣ ስብ ወገብ ላይ ይከመራል፣ ስቡም ዞሮ የኢንሱሊኑን ችግር ያባብሰዋል። ታዲያ ውፍረቱ ራሱ የበሽታው ልጅ ሆኖ ሳለ ሴትዮዋን ሆዳም አድርጎ ማውራት ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ጠዋት ግማሽ እንጀራ በልታ ቀኑን ሙሉ ጾማ የምትውል፣ ሚዛኑ ግን አንድ ኪሎ አልወርድ ያላት ሴት ይህን ስትሰማ ምን ይሰማታል?

ከ5 እስከ 10 በመቶ ክብደት መቀነስ ለብዙዎች የወር አበባን እንደሚያስተካክል አልክድም። ግን እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያ ከሌላው የሚበልጥ የአመጋገብ ዓይነት አልተገኘም ይላል። እንቅስቃሴ ኪሎ ባይቀንስም ይጠቅማል። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒትም አለ፣ ርካሽ ነው። ሬዲዮ ላይ ስለነዚህ አንድም ቃል አልተነገረም!

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ይላል። እንዲህ ያለ ንግግር ወፍራሟን በሀፍረት፣ ቀጭኗን «እኔን አይመለከተኝም» አሰኝቶ ቤቷ ያስቀራታል።

ያው መመሪያ ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ሁሉ፣ ኪሎዋ ምንም ይሁን ምን፣ ስኳሯ ይታይ ይላል። እህቴ ይህን ያገኘችው አራተኛው ሐኪም ጋ ነው። በባዶ ሆዷ ደም ሰጠች፣ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው አጠጧት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደሟ ድጋሚ ተለካ። አለቀ። የመጀመሪያው ሐኪም ማጅራቷን ባየ ቀን ሊያዘው ይችል ነበር።