መምህር፣ የመንገዱ ነው

ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ከሚታመምብህ ራስህ ብትታመም ይሻላል። ሰው ሲታመም ጠያቂው «እግዜር ይማርህ» ብሎ ብርቱካኑን አስቀምጦ ይሄዳል። መኪና ስትታመም ግን ጠያቂ የሚባል የለም፤ የመጣው ሁሉ ሐኪም ነው።

የእኔን አሮጌ ፒካፕ ያመማት ክሮቸራዋ፣ ማለትም ከስሯ እየዞረ የኋላ ጎማዋን የሚያሽከረክረው ዘንግ (ካርዳኑ) መጋጠሚያ፣ በተቀየረ ማግስት ነው። ቀድሞ ችግሯ ማርሽ ሲገባላት «ቋ» ማለቷ ብቻ ነበር። መካኒኩ ካርዳኑን አወረደ፣ አዲስ ክሮቸራ አስገባ፣ መልሶ አሰረ። «ቋ»ው ጠፋ። በምትኩ 60 ላይ ወንበሩ ከስሬ መንዘር ጀመረ፤ 70 ላይ በመስታወቱ የማየው መንገድ ሁለት ይሆናል። 80ን አላውቃትም።

ይዣት ተመለስኩ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ መሪውን ያዘና ከጋራዡ በር ሳንወጣ ፈረደ፦ «መምህር፣ የመንገዱ ነው።»

የእድራችን ጸሐፊ «ጎማ ነው፤ ባላንስ አሠራ» አሉኝ። ጎሚስታው ቸርኬዎቹ ላይ እርሳስ ለጣጥፎ ብሬን ተቀበለ፤ ንዝረቱ ግን እንዳለ አለ። «እንግዲያው ኩሽኔታ ነው» አሉ። (እኚህ ሰው በዕድሜያቸው የነዱት አንድ ብስክሌት ነው፤ እሱም የውሰት።) የነፍስ አባቴ ኮፈኑን አስከፍተው ብዙ ካዩ በኋላ «ዓይን ነው» አሉ። እሷን አይቶ የሚመኝ ሰው ባይታየኝም ጠበሉን አስረጨሁ። ባለቤቴ ግን ከመጀመሪያው አቋሟ አንድ ነው።

«ሽጣት።»

«እየተንቀጠቀጠች ማን ይገዛኛል?»

«በኅዳር ሽጣት፤ ብርዱ ነው በላቸው።»

በጥር ደብረ ሲና ሰርግ ተጠራን። አብረውን የሚሄዱት እትዬ ድፎውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከኋላ ተቀመጡ። ጣርማበር ሳንደርስ «ልጄ፣ ቀስ በል፤ ድፎዬ ፍርፍር ሊሆን ነው» አሉ። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ነገሩ ገረመኝ። ጣሊያን ይህን ተራራ በስቶ ሄደ፤ ቋንቋውን ግን ጋራዥ ጥሎት ሄደ፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ክሮቸራ። ካርዳን እንኳ ስሙን ያገኘው ጂሮላሞ ካርዳኖ ከሚባል የ16ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊ ነው። ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሐኪም!

ዳሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ብሶቴን ሲሰሙ ጉርሻቸውን ውጠው ጠየቁኝ፦

«መሪው ነው ወንበሩ የሚንቀጠቀጠው?»

«ወንበሩ፣ ጋሼ።»

«የፊት ጎማውን ተወው። እየሄደች ማርሹን አውጥተህ ፎሌ ስታደርጋትስ ይተዋታል?»

«አይተዋትም።»

«ሞተሩም አይደለም። የት ሞከርከው? ጣርማበር ቁልቁለት ላይ እንዳይሆን!»

«ኧረ ጫጫ ሜዳ ላይ ነው።»

«እሰይ። እዚያ ሞክረኸው ቢሆን ዛሬ የምንበላው ያንተን ንፍሮ ነበር። ንዝረቱ ዝግ ያለ ነው ወይስ ጥድፍ ያለ?»

«ጥድፍ ያለ።»

«ጎማ አንዴ ሲዞር ካርዳን አራቴ ገደማ ይዞራል፤ የሚጣደፈው እሱ ነው። ለመሆኑ መጨረሻ ላይ ያስነካሃት ምኗን ነው?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም። መልሱ በእጁ ያለ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ጋቢያቸውን አስይዘውኝ ማዳበሪያ አነጠፉና በጀርባቸው ከስሯ ገቡ። «ና ግባ፣ እይ!» አሉኝ። ገባሁ። ካርዳኑ ለካ አንዱ ካንዱ ውስጥ በጥርስ የሚገባ ሁለት ቁራጭ ነው። በየጫፉ ክሮቸራውን የሚይዝ ሹካ አለ፤ የሁለቱ ሹካዎች ጆሮ በአንድ መስመር መዋል አለበት። የእኔዎቹ አንዱ ቆሟል፣ ሌላው ዘሟል።

«ክሮቸራ አዘንብሎ ሲዞር በአንድ ዙር ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል» አሉ፤ ከዳሱ የሚሰማውን ከበሮ በአገጫቸው እያሳዩ። «እንደ እስክስታ ነው። የፊተኛው ትከሻውን ሲሰብቅ የኋለኛው መመለስ አለበት። ያንተዎቹ ግን ዜማው ተደበላልቆባቸዋል። ልጁ ሳይፈታው በፊት በሚስማር እንኳ ጫር አድርጎ ምልክት ቢያደርግ ምን ነበረበት?»

14 ቁጥር ቁልፍ ከአንድ ሾፌር ተዋስን። ፈቱት፣ ጥርሱን አላቀቁት፣ ጆሮውን ከጆሮ አስተካክለው መለሱት። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ እኔ ቡሎን እያቀበልኩ ነበር።

በመልሱ ጣርማበርን ወጥተን ሜዳው ላይ 80ን ተዋወቅኋት። እትዬ ከኋላ ተንጠራርተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ፦ «ልጄ፣ ምነው ዝም አለች? ሞተሩ ጠፋ እንዴ?»

ሰኞ ጸሐፊው መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «ኩሽኔታው ነበር፣ አይደል?» «አዎ ጋሼ።» የነፍስ አባቴ፦ «ጠበሉ እንዴት ነው?» «ይመስገን አባ፣ ሠራ።» መካኒኩም ከጋራዡ በር ሆኖ እጁን አነሳልኝ፦ «መምህር፣ መንገዱን ጠገኑት እንዴ?»

ቤት ስገባ ለባለቤቴ እውነቱን ነገርኳት፤ ከሹካው እስከ እስክስታው። ቡናዋን እየቀዳች በጸጥታ አዳመጠችኝ።

«ድና ከሆነማ» አለች፣ «ኅዳርን ምን አስጠበቀን?»