አሳዳጊ ያልበደላት ሰከንድ

አቦ፣ ሰው ይመስገን ከተባለ መቼም እነዚህ የስልክ ሒሳብ የሚሠሩት ይመስገኑ! ሌላው የሙት ልጅ ያሳድጋል፣ እነሱ ደግሞ ሰከንድ። ከደቂቃ ጠርዝ ላይ የወደቀች፣ ዘመድ የሌላት አንዲት ሰከንድ ካገኙ አንስተው፣ አጥበው፣ አብልተው ሙሉ ደቂቃ ያደርጓታል። ቀለቧን የምንከፍለው እኛ ብንሆንስ? ጽድቁ የነሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ጅቡቲ ወደብ ለሚሠራው ልጇ ደወለች። ስልኩ ላይ አንድ ደቂቃ ከአንድ ሰከንድ ይላል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግማሹ "ሄሎ? ሄሎ? ይሰማል?" ነበር። የተቆረጠው ግን የሁለት ደቂቃ።

"በዛች በአንዷ ሰከንድ ምን ብዬ ነው?" አለችኝ።

"ቻው ብለሽባት ነዋ።"

እንዲህ ያለ ጥሪ አሥር ጊዜ ብትደውል፣ ያወራችው 10 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ፣ የከፈለችው የ20። ታዲያ ይሄን የመሰለ ጥበብ ስልክ ላይ ብቻ ለምን ይቀራል?

እኔ ባጃጅ ላይ ቢጀመር ደስ ይለኛል። እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራ ሰፈር መጋላ ሰፈር ልትሄዱ ተሳፈራችሁ እንበል። ገና ሞተሩ ሲነሳ የማስነሻ ተቆረጠ። ደቻቱ ድልድይ ላይ ፍየሎች መንገድ ዘጉ። እናንተ ቆማችኋል፣ ሒሳቡ ይሮጣል። ከፊራ ገበያ ደርሳችሁ "ወራጅ!" ስትሉ የኋላ ጎማው በአንድ ስንዝር አለፈ። በቃ፣ ሁለት መጋላ ሄዳችኋል። ልትከራከሩ ስትሉ ሹፌሩ ድምፁን አቅጥኖ፣ ጢሙን እየነካካ፣ "ውድ ተሳፋሪያችን" ይላችኋል። እሺ፣ ብልጥ ሆናችሁ የሳምንት ጥቅል ገዛችሁ። እሁድ ማታ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ድልድዩ መሃል ባጃጁ ቀጥ አለ። ጊዜው አልቋል፣ ውረዱ። የቀረው መንገድስ? ተቃጠለ። ሰው ነውና ያዝናል፣ "ብድር ይፈልጋሉ?" ይላችኋል፣ የአገልግሎቱን ከላዩ ላይ ቀንሶ። ከወረዳችሁ በኋላ ደግሞ የምሥራች አለ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት ከከዚራ መጋላ እንደልባችሁ የምትመላለሱበት ስጦታ ተሰጥቷችኋል! በዛ ሰዓት መጋላ ምን ትሠራላችሁ? እሱ የናንተ ችግር ነው። እንዲያውም ባትሄዱ ነው የሚሻለው፣ ስትመለሱ ጎማው ከዚራን በስንዝር ካለፈ...

ይቅር፣ ባጃጁን ልተወው። እኔን የሚገርመኝ የነዚህ የስልክ ሰዎች የሰዓት ነገር ነው። ሲያስከፍሉ ሰከንድ ምን እንደሆነች አያውቁም፣ ሁሉም ደቂቃ ነው። የገዛነው ጥቅል የሚቃጠልበት ሰዓት ሲደርስ ግን አንዲት ሰከንድ አያዛንፉም። ያኔ ወደ ላይ ማጠጋጋት የት ይገባል?

ደግሞ ለኛ! ስልክ እኮ እዚህ አገር የገባው በኛ፣ በምሥራቁ በር ነው። ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው መስመር ሥራው የተጀመረው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ባቡሩ እንኳን ድሬ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ከባቡር በፊት "ሄሎ" ያልን ሰዎች ዛሬ "ሄሎ" በሒሳብ ሆነብን።

አሁን ቀልዱን ልተወውና፣ ያናድዳል! አክስቴ ሳንቡሳ ጠብሳ ነው የምትኖረው። በዚህ ሙቀት፣ የፈላ ዘይት ፊት። የአንዷ ሳንቡሳ ጎኗ ተቀዶ ምስሩ ቢፈስ ደንበኛ ይመልስባታል፣ ሌላ ትቀይራለች። እሷ ግን ላላወራችው 59 ሰከንድ ከፈለች፣ የሚመልስላትም የለም። ሰው ያልሸጠውን ዕቃ ሒሳብ ሲቀበል ከፊራ ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ "ታሪፍ" አይባልም።

ሰላምታ እንኳን ጠፋ እኮ። በኛ አገር "ደህና ነህ? ጤናህስ? ሥራስ? ሙቀቱስ እንዴት ነው?" ሳይባል ወሬ አይጀመርም። አክስቴ አሁን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ "ደናነህሁሉሰላምነው?" ብላ ትጨርሰዋለች። የጎረቤት ልጅ ደግሞ ሰዓት ጠባቂ አድርጋ ቀጥራለች፣ ደሞዙ ሁለት ሳንቡሳ። ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አይነቅልም፣ 50 ሲሞላ እጁን ያወጣል፣ 55 ላይ ቀሚሷን ይጎትታል።

ትናንት ልጁ ቀሚሷን ሲጎትት ጅቡቲ ያለው ደግሞ "እማ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ፣ ግን እንዳትደነግጪ..." እያለ ነበር። ጠረቀመችበት። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት ላይ ሚስኮል አደረገችለት፣ እሱ እንዲደውል። ወዲያው መልሶ ሚስኮል አደረገላት።