ሳይለኩ ይሸጣሉ፣ ሳያዩ ይገጥማሉ

ዛሬ የምጽፈው በጋራዦችና በመለዋወጫ ሻጮች ተናድጄ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። በተለይ የደሴና የኮምቦልቻ ባለመኪኖች እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገ በእናንተም ላይ ይደርሳል።

የአባቴ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ አለች። ፊያት ይህን ሞዴል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፣ እስከ 1975 ድረስ ሠርቶታል። ሞተሯን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ከዚያ በፊት ለፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። «ይቺ አሮጌ ፊያት» ብሎ የሚያልፋት ሰው ምን እንዳለፈው አያውቅም። ሞተሯ ዛሬም ጤነኛ ነው። ያለቀው ፍሪሲዮኑ ነው፣ የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል።

ፍሪሲዮን ማለቁ በራሱ አያናድደኝም። እያለቀ የሚቀየር ዕቃ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ጉልበቱ ያነሰ ሞተር ዳገት ላይ ሲነሳ ሹፌሩ ግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ ነዳጅ ይረግጣል። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ላይ ያለው ሸራ፣ ተፋትጎ የሚይዘው ንጣፍ፣ የሚበላው ያኔ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን መንገድ አስቡት። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ሐረጎ ዳገት ላይ ከተጫነ አይሱዙ ኋላ ተሰልፋችሁ ስትቆሙ፣ ስትነሱ፣ ደግሞ ስትቆሙ የሚመጣውን የቃጠሎ ሽታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የሚያናድደኝ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነው።

መጀመሪያ ጋራዥ አስገባናት። አዲስ ዲስክ ገጠሙ፣ ሒሳባቸውን ተቀበሉ፣ ሸኙን። ወራት ሳይቆይ በላይኛው ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ይኸው ያው ሸርተቴ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ ገንዘቤን ለዚያ ጋራዥ አልሰጥም አልኩና ግቢ ውስጥ ራሴ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አወረድኩት።

ሥራው ቀላል ነው አልልም። የፊት የማርሚታ ቱቦ ይፈታል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይፈታል። የማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ከመኪናዋ ውስጥ ይነቀላል። ከካምቢዮው ኋላ ያለው የጎማ ማያያዣ ይላቀቃል። ከላይ ያሉት ብሎኖች በተራ ቁልፍ አይደረስባቸውም፣ ክሪኬቶው ላይ ረጅም ማራዘሚያ ቀጥላችሁ ከሥር መሄድ አለባችሁ። ደግሞ እባካችሁ፣ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከሌላችሁ ሥራው ይቅር። የጎረቤታችን ልጅ ባያግዘኝ ኖሮ ካምቢዮውንም ብቻዬን አላወርደውም ነበር። ክብደቱ ለሁለት ሰው ነው።

ወርዶ ሳየው ደሜ ፈላ። ዲስኩ በዘይት ርሷል። ዘይቱ የሚመጣው ከሞተሩ ኋላ፣ ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ካለው ኦይል ሲል ነው፣ ዘይት እንዳይወጣ ከሚያግደው ቀለበት። ኦይል ሲሉ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል። ዲስኩ የሚጫንበት የሞተሩ የብረት ክብ፣ ቮላኖው ላይ ደግሞ የድሮው ሸራ አልቆ ሸራውን የያዘው ሪቬት የፈለፈለው ጉድጓድ እንዳለ አለ። በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ቦታም አለበት። ይህ ሁሉ አዲሱ ዲስክ ሲገጠምም እዚያው ነበር። ካምቢዮው ወርዶ፣ ቮላኖው ፊታቸው ተገትሮ፣ ዘይቱ ሲንጠባጠብ እያዩ ነው አዲስ ዲስክ አልብሰው የዘጉት!

ይህ እንዴት አያናድድም? ኦይል ሲሉ ከሥራው ሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው። ውዱ ነገር እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ጉልበት ነው። እነሱ ደግሞ ደርሰው ነበር። ሸራ ዘይት ከጠጣ አለቀለት፣ በቤንዚን ብታጥቡትም አይመለስም። ጎድጓዳ ቮላኖ ላይ የተገጠመ ዲስክ ሙሉውን አይነካም፣ ቶሎ ይቃጠላል። ይህን የማያውቅ መካኒክ አለ ብዬ አላምንም። እያወቁ ነው የዘጉት። ሰው ለዚህ ነው ወይ የላቡን የሚከፍለው?

ወደ መለዋወጫው ልምጣ። ደሴ ላይ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር የቪትዝና የኮሮላ ዕቃ እንደ ልብ ነው። የእኔን ስጠይቅ አንዱ ነጋዴ ሌላ ዲስክ አወጣ። አሮጌው ላይ ደረበው፣ ክቡ እኩል ሆነ። «ወንድሜ፣ ይገባል፣ ውሰደው» አለኝ። የመሃሉን ጥርስ እንቁጠር አልኩት። ተቆጣኝ። ቆጠርኩት፣ ልዩነት አለው። ጥርሱ ካልገጠመ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም፣ በቃ። ክቡ ቢተካከል ምን ይጠቅመኛል? «ካልገባ ትመልሳለህ ወይ?» ስለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ። ሰውዬው ካሊፐር፣ ውፍረትና ስፋት የሚለካበት መሣሪያ፣ የለውም። በቀን ስንት ዲስክ የሚሸጥ ሱቅ ካሊፐር የለውም! ትክክለኛው ዲስክ በመጨረሻ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ተገኘ፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጣልኝ። እዚያም ቢሆን የጥርሱን ብዛትና የዘንጉን ውፍረት በፎቶ ልኬ፣ ቆጥረው እስኪያረጋግጡልኝ ድረስ አልከፈልኩም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። በየጋራዡ የፍሪሲዮንና የፍሬን አቧራ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል። የሚነፉት ደግሞ ሥራ ሊለምዱ የገቡ ልጆች ናቸው፣ አፍንጫቸው ላይ ጨርቅ እንኳን የለም። የድሮ መኪና ሸራ አስቤስቶስ ያለበት ሊሆን ይችላል። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣል፣ የሚያመጣውም ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ማንም ከጋራዡ ጋር አያገናኘውም። በአየር አትንፉት። በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም በላስቲክ አስራችሁ ጣሉት። ምንም ወጪ የለውም። ባለጋራዦች፣ ልጆቹ የሰው ልጆች ናቸው።

ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። ቮላኖውን ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት፣ ብረት በማሽን የሚላጭበት፣ ወሰድኩት። ሽማግሌው ገና ሳልናገር በጥፍራቸው ዳሰሱት። ማሽኑ ላይ አስረው መዛባቱን ለኩ። «ብዙ አልላጨውም፣ ከሳሳ ይሰነጠቃል» አሉኝ። ጉድጓዱ እስኪጠፋ ብቻ ላጡት፣ ደግመው ለኩት። ጋሼ፣ ስንት ነው ስላቸው የጠየቁኝ ገንዘብ ጋራዡ ከወሰደው ጋር አይወዳደርም። መለካት ይቻላል ማለት ነው። እዚሁ፣ በእኛው አገር፣ በእኛው እጅ።

«ሽጣትና ቪትዝ ግዛ» የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ ምክራችሁን ሰምቻለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ዛሬ አዲስ የምትሉት ቪትዝም ያረጃል። ያኔ ዕቃውን «ይገባል» እያለ የሚሸጥላችሁ ያው ነጋዴ ነው፣ የሚገጥምላችሁም ያው ጋራዥ። ስለዚህ ካምቢዮ ሲወርድ እዚያው ቁሙ። ኦይል ሲሉ ይቀየር በሉ። ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚጮኸው ኩሽኔታም አብሮ ይቀየር። ቮላኖው ቶርኖ ይግባ። አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ተቀበሉ። እምቢ ካሏችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የእኔ ካምቢዮ አሁንም ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ነው። ዲስኩ አለ፣ ቮላኖው ተስተካክሏል፣ የቀረው የኋላው ኦይል ሲል ነው። እሱ ሳይገኝ አልዘጋውም። የ124 ስፖርት ኦይል ሲል ያለው፣ ወይም የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የውስጡን፣ የውጪውንና የውፍረቱን ልክ እልክለታለሁ። በካሊፐር ለክቶ ይመልስልኝ፣ ዋጋውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።