ለልጣጩም ቆራሌ ያስፈልገዋል

አዲስ አበባ ውስጥ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ መሬት ላይ ብዙ አይቆይም። ወዲያው የሚያነሳው ሰው አለ። የተቃጠለ ምጣድ፣ ያረጀ ጫማ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ሁሉም ገዢ አለው። ቆራሌው ማንም ሥልጠና ሳይሰጠው፣ ባነር ሳይሰቀልለት፣ ወርክሾፕ ሳይጠራ ቆሻሻ ይለያል። የሚለየው ስለሚሸጥ ነው።

የሙዝና የፓፓያ ልጣጭ ግን የሚገዛው የለም። ስለዚህ ከዳይፐር፣ ከባትሪና ከተሰባበረ ብርጭቆ ጋር በአንድ ፌስታል ታስሮ ይሄዳል። ከከተማችን ቆሻሻ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደግሞ ይኸው የሚበሰብሰው ነው።

ይህን የማነሳው ስለ ትል ለማውራት ነው። ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ የግብርና ባለሙያዎች ገበሬው በትል ኮምፖስት እንዲያዘጋጅ፣ ማለትም የሚበሰብሰውን ለትል አብልቶ ወደ ማዳበሪያ እንዲለውጥ ይወተውታሉ። «ቨርሚ ኮምፖስት» ይሉታል። ሐሳቡ ግሩም ነው። እኔ የማልስማማው በአድራሻው ነው።

እስቲ ገበሬው ቤት ምን ትርፍ ነገር አለ? እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ጭዱ የከብት መኖ ነው፤ ከዚያ የተረፈውም ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል። ልጣጩን ከብቱ ይጨርሰዋል። ብዙ ቦታ ለትል የሚተርፍ ነገር የለም። ቡና አብቃይ አካባቢ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከቡና ማጠቢያ የሚወጣው ገለፈት ተቆልሎ ወንዝ እስከ ማበላሸት ይደርሳልና። ከዚያ ውጪ ግን ገበሬው እጁ ላይ የሌለውን ነው አምጣ የምንለው።

የትሉ ቀለብ ያለው ከተማ ነው። ከፒያሳ ተነስቶ፣ በኮሮና ጊዜ ጃንሜዳ አርፎ፣ በኋላ ኃይሌ ጋርመንት የሰፈረውን አትክልት ተራ ተመልከቱ። የጥቅል ጎመን ቅጠል፣ የፈረጠ ቲማቲም፣ የካሮት ጫፍ፣ የሙዝ ግንድ። ማንም ሳይለየው የተለየ ቆሻሻ ነው። ጁስ ቤቶችም እንደዚያው ናቸው፤ ማታ በር ላይ የሚያወጡት ጆንያ ውስጥ ከልጣጭና ከአቮካዶ ፍሬ ሌላ ብዙም አይገኝም።

ትሉን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ሲጀምር ነው። ጓሮ ተቆፍሮ የሚወጣው ትል ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱ አፈር ውስጥ ጠልቆ መኖር የለመደ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ሲከቱት ወይ ይጠፋል ወይ ይሞታል። የሚፈለገው ላይ ላዩን የሚኖረው ቀዩ ትል ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ኢሴኒያ ፌቲዳ። ከተመቸው አንድ ኪሎ ትል በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ይበላል። የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ እርጥበት ይወዳል፤ ውሃ ከበዛበት ግን ይታፈናል። ጨውና በርበሬም ያንገበግቡታል። ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ለሱ አይሆንም፤ ሎሚና ብርቱካንም ሲበዛ አይስማማውም። ትኩስ ልጣጭ ተከምሮ ሲሞቅ ደግሞ ይገድለዋል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ መብላላትና መብረድ አለበት።

ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። (ባለቤቴ በዚህ አትስማማም።) የፓፓያ ልጣጭ ገለጥ ሲያደርጉ ከሥሩ ቀያዮቹ ተጠላልፈው ይገኛሉ፤ ከላይ የቀረው ስስ ቆዳ ብቻ ነው። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ያለው እንደ ቡና አተላ የጠቆረና የረገበ ነገር ይሆናል። በአግባቡ ከተያዘ አይሸትም። ትሉ ዓይን ባይኖረውም ብርሃን ይሸሻል። የደረሰውን ፀሐይ ላይ ቁልል አድርገው ትንሽ ሲጠብቁ ትሎቹ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ከዚያ ከላይ ከላዩ እየገፈፉ መውሰድ ነው።

አሁን ደግሞ ጉራውን እንቀንስ። የትል ኮምፖስት የዩሪያ ምትክ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አይደለም። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ጥሩ የሚባል የትል ኮምፖስት ያለው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። አንዱን ኩንታል ለመተካት 30 ኩንታል ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው። ማን ተሸክሞት ማሳ ይደርሳል? ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ከውጭ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከልክላ፣ ምርቷ ወድቆ በወራት ውስጥ ውሳኔዋን አጥፋለች። ለጎዴው ማዳበሪያ ፋብሪካ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ስምምነት የተፈረመውም ያለ ነገር አይደለም። ትሉ ያንን አይተካም።

ጥቅሙ ሌላ ጋ ነው። አፈሩ ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ በአሲድ የተጎዳውንም ያግዛል። ለችግኝና ለአትክልት ደግሞ ጥቂቱ ይበቃል። ይህ ሁሉ ከተማው ውስጥ ፈላጊ አለው፤ የጓሮ ጎመን የሚያለማውም፣ ችግኝ የሚሸጠውም ይወስደዋል።

ሌላ ብዙ የማይነሳ ጥቅም አለ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት እንዲያወጣ ነው የተሠራው። እርጥብ ልጣጭ ግን አይነድም፤ እሳቱን ያደክመዋል። ልጣጩን ከመንገድ ላይ ብናስቀረው ማመንጫውም ይቀለዋል፣ ቆሼም አይከመርም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. እዚያ ክምሩ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው ማለቁን የረሳ ያለ አይመስለኝም።

«ሕዝቡ ቤቱ ይለይ» የሚለው ቅስቀሳ ለብቻው የትም አያደርስም። ቤቱ ለይቶ ያወጣ ሰው መኪናው ሁሉንም አንድ ላይ ሲደባልቀው ካየ በሚቀጥለው ሳምንት ይተዋል። ደግሞ የተደባለቀ ቆሻሻ ለትል ቢሰጥ የሚወጣው ብርጭቆና ፕላስቲክ ያለበት ኮምፖስት ነው። ትል ባትሪ አይፈጭም። ባትሪ የነካውን አፈር ደግሞ ጎመን ላይ መድፋት አደጋ ነው።

ስለዚህ ከኮንዶሚኒየሙ ሳይሆን ከአትክልት ተራና ከጁስ ቤቶቹ ይጀመር። ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራት ንጹህ ልጣጭ በኪሎ ይከፈላቸው፤ ፕላስቲክ የገባበትን ጆንያ ተረካቢው ይመልስ። የቆራሌው ሕግ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ገዢ ደግሞ ራሱ ከተማ አስተዳደሩ ይሁን፤ በኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ዳር ለተከለው ሣርና አበባ ማዳበሪያ መፈለጉ አይቀርም። ቦታውም ትልቅ ፋብሪካ አይደለም። ጥላ፣ ውሃ፣ ለክረምቱ ጎርፍ የማይመች ከፍ ያለ ወለልና ዶሮ የማያስገባ መረብ ካለ ሥራው ይጀመራል።