ሪቻርድን የጣለው ውርስ ነው

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ የእንግሊዙን ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድን ከዙፋን ያወረደው የአጎቱ ልጅ የሄንሪ ቦሊንግብሮክ ጦር ነው ይላል። እኔ አልስማማም። በሩን የከፈተለት ንጉሡ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1399 የሄንሪ አባት፣ የላንካስተሩ መስፍን ሲሞት ሪቻርድ ለሄንሪ የሚገባውን ርስት ነጠቀ። ያኔ ባላባቱ ሁሉ «ነገ የእኔስ?» ብሎ ሰጋ። ይባስ ብሎ ሠራዊቱን ይዞ አየርላንድ ዘመተ! ሄንሪ ከስደት ሲመለስ ማን ይከላከል?

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን በ1381 የገበሬዎች አመፅ ጊዜ የነበረው ልጁ ንጉሥ ሪቻርድ ነው። ገና 14 ዓመቱ ነበር። የአመፁ መሪ ዋት ታይለር ሲወጋ አልሸሸም፤ ፈረሱን ወደ አመፀኞቹ ነዳ። በኋላ ለገበሬዎቹ የገባውን የነፃነት ቃል አጠፈ። ያ ደፋር ልጅ በ1400 ፖንትፍራክት ግንብ ውስጥ እስረኛ ሆኖ ሞተ። በ33 ዓመቱ።