ጓሳ በእግር የሚኬድበት ሳፋሪ ነው

ሳፋሪ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ማሳይ ማራና ወደ ሴሬንጌቲ ነው። ጣራው የሚከፈት መኪና፣ ዝሆን፣ አንበሳ። ኬንያና ታንዛኒያ ለፍተውበታል፤ ይገባቸዋል። እኛ ግን ሰሜን ሸዋን ለጎብኚ ስናስተዋውቅ ራሳችንን በእነሱ መለኪያ መለካት የለብንም። የመንዝ ጓሳ ሌላ ዓይነት ሳፋሪ ነው፦ በእግር የሚኬድበት፣ የሚበርድ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ። እንደዚያው አድርገን ነው ማቅረብ ያለብን።

ቦታው ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ይገኛል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጋቢና ወፍራም ካልሲ ግድ ነው። ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ብትነሡ፣ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር ሲነጩ ታገኟቸዋላችሁ። በዋናነት ሣር እየበላ የሚኖር ዝንጀሮ ከጭላዳ ሌላ በዓለም ላይ የለም። እሱም ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።

ቀይ ቀበሮውማ ከዚያም የባሰ ብርቅ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ሁሉም በእኛ ተራሮች ላይ። ጓሳ ላይ ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር ያደርጋል። ጭላዳዎቹ መሐል ገብቶ፣ ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ያድናል። ግልገሎቻቸውን ለመንካት እምብዛም አይሞክርም፤ እነሱም አይሸሹትም። እዚያው ያጠኑ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ብቻውን ሲያድን ከ4 ሙከራ 1 ያህሉ ይሳካለታል። ከጭላዳ መንጋ ጋር ሲሆን ግን ከ3ቱ 2ቱ! ይህን በመኪና ሽው ብሎ ያለፈ ሰው አያየውም። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ጠብቆ አቆየው? የመንዝ ገበሬ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለቃ እየመረጠ፣ የጓሳውን ሣር ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ እየከፈተ በራሱ ደንብ ሲያስተዳድረው ኖሯል። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ግጦሹም አጨዳውም ልክ አጣ። በኋላ ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። ዛሬ ቦታው በአማራ ክልል ሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የሳፋሪው ገቢም በቅድሚያ የእነዚህ ሰዎች መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። ሣር ማጨድና ከብት ማሰማራት በተከለከለ ቁጥር ዋጋውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸውና።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። በደብረ ሲና አፋፍ፣ በምኒልክ መስኮት አካባቢ፣ መኪና አቁመው ለጭላዳ ዳቦና ሙዝ የሚወረውሩ ሰዎች አሉ። ፎቶው ያምር ይሆናል። ግን ሣር በሊታን እንስሳ ልመና ማስተማር ነው፤ አስፋልት ዳር እየጎተቱ ጎማ ሥር መጣል ነው። እባካችሁ ተዉ። ውሻም ይዛችሁ አትምጡ። ቀይ ቀበሮን በጅምላ ከሚጨርሱት ነገሮች ዋናው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል።

በ2015 መጨረሻ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ጎብኚን እንዳራቀ ሁላችንም እናውቃለን። ሰላም ሳይኖር ሰውን ና ማለት አይቻልም። መንገዱ ሲረጋጋ ግን የጉዞ ድርጅቶች ጓሳን የቀን ደርሶ መልስ አድርገው ባይሸጡት ደስ ይለኛል። እንግዳው ቢያንስ ሁለት ሌሊት እዚያው ይደር። አስጎብኚው የመንዝ ልጅ ይሁን፤ ጭነቱን የአካባቢው በቅሎ ይጫነው፤ እራቱ ከመንዝ ጓዳ ይምጣ። ክፍያውም ጓሳው ላይ በእጃቸው ይቆጠርላቸው።