ወንበሩ ታስቦለት ዙሪያው የተዘነጋው ስታዲየም

በሚሺጋን ክፍለ ግዛት አን አርበር ከተማ የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው የመቀመጫው ብዛት ነው፤ 107,601። በአሜሪካ ምድር ከእሱ የሚበልጥ ስታዲየም የለም፤ ደጋፊዎቹም «ትልቁ ቤት» ይሉታል። የአገራችን የእግር ኳስ ወዳጆች ምናልባት የሚያስታውሱት በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማንችስተር ዩናይትድ ሪያል ማድሪድን 3 ለ 1 ባሸነፈበት የወዳጅነት ጨዋታ ነው። ያን ቀን 109,318 ሰው ገብቶ፣ በአሜሪካ እግር ኳስ ለማየት ከተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ትልቁ ሆኖ ተመዘገበ። የሜዳው ቋሚ ሥራ ግን የኮሌጅ ፉትቦል ነው፤ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት፣ ሞላላ ኳስ ያለው፣ የራስ ቁር የሚደረግበት ጨዋታ።

ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ስለ ስታዲየሙ የሚነግረን ግን ትንሽ ነው። መቶ ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ እንዴት በርካሽ ተገነባ? በኋላስ ለምን ያን ያህል ውድ ሆነ? የሁለቱም መልስ በ1926 እና በ1927 አፈር ውስጥ ተቀብሯል።

ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲው የሚጫወትበት ፌሪ ፊልድ ከ40 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ነበር የሚይዘው። ዋናው ተቀናቃኝ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1922 ግዙፍ የኮንክሪት ስታዲየም አቁሞ ነበር። ከ1901 ጀምሮ ቡድኑን ያሠለጠነውና በኋላ የስፖርት ዳይሬክተር የሆነው ፊልዲንግ ዮስት ይህን ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። መምህራኑ ግን ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ቤት ነው ወይስ የትኬት መሸጫ ብለው ጠየቁ። በዲኑ በኤድመንድ ዴይ የተመራ ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረና ስታዲየሙ ይሠራ፣ ግን ጌጥ የሌለው ቀላል ይሁን፣ ለሌሎቹ ተማሪዎችም መጫወቻ ቦታ ይገንባላቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ሚያዝያ 1926 ፈቃዱን ሰጠ።

ገንዘቡ ከክፍለ ግዛቱ በጀት አልመጣም። እያንዳንዳቸው 500 ዶላር የሆኑ 3,000 ቦንዶች በ3 በመቶ ወለድ ለሽያጭ ቀረቡ። ወለዱ ትንሽ ነው፤ ገዢውን የሳበው ሌላ ነገር ነበር። ቦንድ የያዘ ሰው ለአሥር ዓመት በሁለቱ የ30 ያርድ መስመሮች መካከል ትኬት የመግዛት መብት ነበረው። ሜዳው በሁለቱ የግብ መስመሮች መካከል 100 ያርድ (91 ሜትር ያህል) ነው፤ ከሁለቱም በኩል ከ30ኛው ያርድ ወደ ውስጥ ያለው መካከለኛው 40 ያርድ ደግሞ ጨዋታ ከሁሉ በተሻለ የሚታይበት ቦታ ነው። ዮስት የሸጠው ወለድ ሳይሆን ጥሩ ወንበር ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ስታዲየም እንሥራ ብለው መንግሥትን ብቻ ለሚያዩ ሰዎች ይህቺ ዘዴ ልትጠና ይገባል፤ ከፋዩም ተቀማጩም አንድ ሰው ነው።

ግንባታው የዬል ዩኒቨርሲቲን ሳህን መሰል ስታዲየም አርአያ አደረገ፦ ሸለቆ መሬት ይመረጣል፣ ይቆፈራል፣ ኮንክሪቱ በተዳፋቱ ላይ እንዳለ ይነጠፋል። ሦስት አራተኛው የስታዲየሙ ክፍል ከመሬት በታች ነው። መቀመጫውን አፈሩ ራሱ ስለሚሸከመው ረጃጅም ምሰሶ አያስፈልግም፤ ተመልካቹም ከላይ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ደረጃ አይወጣም። 440 ቶን ፌሮ ገባበት። አጠቃላይ ወጪው 950,000 ዶላር ሆነ።

ችግሩ ውሃው ነበር። ቦታው ከሥሩ ምንጭ ያለው ረግረግ ነው፤ ቆፋሪዎቹ ወደ ታች በሄዱ ቁጥር አሸዋው እንደ ሊጥ ይፈስባቸው ነበር። አንድ ክሬን ሰጥሞ እዚያው ቀርቷል፣ ዛሬም ከሜዳው ሥር ነው ይባላል። ክሬኑ ይኑርም አይኑር ውሃው ግን አለ፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቷል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ዮስት ከሁሉ የበለጠ የሚመሰገንበት ሥራ ለዓይን አይታይም። ወንበሩን ለ72,000 ሰው ሠርቶ፣ መሠረቱን ግን ወደፊት ከ100,000 በላይ ሰው እንዲሸከም አድርጎ አስጣለ። በጥቅምት 1 ቀን 1927 ኦሃዮ ዌስሊያን 33 ለ 0 ተሸንፎ ሜዳው ሥራ ጀመረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኦሃዮ ስቴት ሲመጣ በላይኛው ጠርዝ ጊዜያዊ የእንጨት መቀመጫ ተጨምሮ 84,401 ሰው ገባ። በ1949 እንጨቱ በብረት ተተክቶ ቁጥሩ 97,239 ደረሰ፤ በ1956 ደግሞ 101,001። ያቺ የመጨረሻዋ አንድ ወንበር የቀድሞው አሠልጣኝና ዳይሬክተር የፍሪትዝ ክራይስለር መታሰቢያ ናት ይባላል፤ የት እንዳለች ግን አይነገርም። ይህ ሁሉ ሲጨመር መሠረቱን ማንም አልነካውም።

መሠረቱ አስቀድሞ ያልታሰበለት ስታዲየም ምን እንደሚገጥመው ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፔን ስቴት ያሳየናል። የእነሱ ሜዳ ከብረት የተሠራ ስለነበር በ1960 ወደ 700 ቁራጭ ተፈትቶ ወደ ግቢው ሌላኛው ጫፍ ተዛወረ። በ1978 ደግሞ ቆራርጠው በሃይድሮሊክ ጃክ ወደ ላይ አነሱትና ከሥሩ አዲስ ረድፎች አስገቡ። ብልሃቱ ይደነቃል፤ ግን በብልሃት ከመዳን አስቀድሞ ማሰብ ይረክሳል።

እንግዲህ ሙገሳው ይብቃን። ሳህን መሰሉ ንድፍ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ከመሬት በላይ የቆመ ስታዲየም ከመቀመጫዎቹ ሥር ባዶ ቦታ ይተርፈዋል፤ መጸዳጃ ቤቱ፣ ምግብ መሸጫው፣ ሰፊው መተላለፊያ የሚገባው እዚያ ነው። እዚህ ግን ከመቀመጫው ሥር ያለው አፈር ነው። ወንበር በተጨመረ ቁጥር የሰው ብዛት አደገ፤ ሰው የሚቆምበት፣ የሚሰለፍበትና የሚተላለፍበት ቦታ ግን በዚያው ልክ አላደገም። አግዳሚውም ጠባብ ስለሆነ፣ በኅዳር ብርድ ካፖርት የደረበ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይጣበቃል። ከ1975 ጀምሮ በየጨዋታው (ከወረርሽኙ ዓመት 2020 በቀር) ከ100,000 በላይ ሰው መግባቱን የሚያወሩ ሰዎች ስለ መጸዳጃ ቤቱ ሰልፍ ብዙም አያወሩም።

እስከ 2010 በተጠናቀቀው እድሳት በምሥራቅና በምዕራብ ሁለት ግዙፍ ሕንፃዎች ቆሙ፤ ወጪው 226 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የዋጋ ንረቱ ታስቦም ቢሆን ከ1927ቱ ጋር አይነጻጸርም። በሕንፃዎቹ ውስጥ የገቡት የሀብታም ክፍሎች ብዙ አከራክረዋል፤ ሁሉም እኩል አግዳሚ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ተበላሸ ያሉ ነበሩ። ቅሬታው ይገባኛል፤ ግን ቦንድ ገዝቶ መሐል ሜዳ የተቀመጠው የ1927 ሰውም ከሌላው እኩል አልነበረም። በተረፈ ሕንፃዎቹ አንድ ያልተጠበቀ ጥቅም አምጥተዋል፦ ዝቅ ብሎ በተዘረጋው ሳህን ጩኸቱ ሽቅብ ይበተን ነበር፤ አሁን ግን ግድግዳ መትቶ ወደ ሜዳ ይመለሳል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የዊልቸር ጉዳይ ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ወንበር ባለበት ቦታ ለዊልቸር የሚሆነው ከመቶ ያነሰ ነበር። በ2007 አካላቸው የተጎዳ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ። ክርክሩ በአንድ ቃል ላይ ነበር፦ የኮንክሪቱ ሥራ «ጥገና» ነው ወይስ «ለውጥ»? ለውጥ ከሆነ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ይመለከተዋል፤ ጥገና ከሆነ ግን አይመለከተውም። ጉዳዩ በ2008 በስምምነት አለቀና ለዊልቸር የሚሆነው ቦታ ወደ 329 ከፍ እንዲል ተወሰነ። የዊልቸር ተጠቃሚዎቹ የታሰቡት በክስ ነው፤ ከመጀመሪያው ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ነበሩ።

ወደ ውሃው እንመለስ። በ1969 ሰው ሠራሽ ሳር ተነጥፎ ነበር። በ1991 ከፊት ረድፍ ያሉት ከተሰለፉት ተጫዋቾች በላይ እንዲያዩ ሜዳው አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ተደረገና የተፈጥሮ ሳር ተተከለ። ሜዳው ግን ከከርሰ ምድር ውሃው መጠን በታች ነው። የሳር ሥር አየር ይፈልጋል፤ ውሃ በጠጣ አፈር ውስጥ አይጠልቅም፤ ያልጠለቀውን ሥር ደግሞ የጫማው ሹል እየገሸለጠ ያነሳዋል። በ2003 ተሸንፈው ወደ ሰው ሠራሹ ተመለሱ።

ከዮስት ዘመን የቀረ አንድ ነገር ገና በቅርቡ ነው የተነካው፤ ሁለቱም ቡድኖች ወደ ሜዳ የሚገቡበትና የሚወጡበት አንድ ዋሻ። በ1927 ይህ ችግር አልነበረም። በጥቅምት 2022 ግን የሚሺጋንና የሌላው የክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ የሚሺጋን ስቴት ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ እዚያው ተገናኝተው ተደባደቡ፤ ጉዳዩም እስከ ፍርድ ቤት ሄደ። በቀጣዩ ዓመት የዋሻው አፍ እንዲሰፋ የተወሰኑ ወንበሮች ተነሱ። ለአሥርት ዓመታት ወንበር ሲጨመርበት የኖረው ስታዲየም፣ መተላለፊያ ፍለጋ ወንበር ቀነሰ።